የኖጉቺ ጠረጴዛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛው ጠረጴዛ ነው?

ስሙን ባታውቁት እንኳ መልኩን ሳታዩት አትቀሩም። ከላይ ወፍራም መስታወት አለው፤ ቅርጹ ጥጎቹ የተድበለበሉ ሦስት ማዕዘን ነው። ከሥር እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ሁለት ጠማማ እንጨቶች አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። መሳቢያ የለው፣ መደርደሪያ የለው፣ ዓይን ውስጥ የሚገባ ብሎን የለው። በፊልም ውስጥ አንድ ሰው ገንዘብም ጣዕምም ያለው መሆኑን ማሳየት ሲፈለግ ከሶፋው ፊት የሚቀመጥለት ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ነዳፊው ኢሳሙ ኖጉቺ ይባላል። ጠረጴዛው አሁን የምናውቀውን መልክ የያዘው በ1944 ሲሆን፣ ኸርማን ሚለር የተባለው የአሜሪካ የቤት ዕቃ አምራች በ1947 ለገበያ አቀረበው።

ኖጉቺ ጃፓናዊ ነው ወይስ አሜሪካዊ?

ዕድሜውን ሙሉ ሲጠየቅ የኖረው ይህንኑ ነው። በ1904 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። አባቱ ዮኔ ኖጉቺ ጃፓናዊ ገጣሚ፣ እናቱ ሊዮኒ ጊልሞር አሜሪካዊት ጸሐፊ ነበሩ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ እናቱ ወደ ጃፓን ወሰደችው፤ በ1918 ደግሞ ለብቻው ወደ አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተላከ። ጃፓን ውስጥ ፈረንጅ፣ አሜሪካ ውስጥ ጃፓናዊ ሆኖ አደገ። እንጨት የነካው ያኔ በልጅነቱ ነው፤ ቺጋሳኪ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሲኖሩ እናቱ አናጢ ዘንድ አስገብታው ነበር።

ኒውዮርክ ላይ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና የሚያዘጋጀውን ትምህርት ጀመረና ለቅርጻ ቅርጽ ብሎ ተወው። በ1927 በጉገንሃይም የገንዘብ ድጋፍ ፓሪስ ሄዶ በታላቁ ቀራጺ በኮንስታንቲን ብራንኩሲ ሥር በረዳትነት ሠራ። ድንጋይን፣ እንጨትንና መሣሪያን ማክበር የተማርኩት ከእሱ ነው ይል ነበር። ከዚያ በኋላ የሠራው ዓይነቱ ብዙ ነው፦ ለዳንስ ባለሙያዋ ለማርታ ግራሃም የዳንስ መድረኮች፣ የፓሪሱ የዩኔስኮ ዋና መሥሪያ ቤት የአትክልት ስፍራ፣ በታችኛው ማንሃተን በአንድ ጥጉ የቆመው ቀይ ኪዩብ። የቤት ዕቃ የሥራው አንድ ጎን ብቻ ነበር። እሱ ግን ጠረጴዛውን ከሐውልቶቹ ለይቶ ዝቅ አያደርገውም ነበር፤ በእኔ አመለካከት ጠረጴዛውን ያተረፈውም ይኸው ነው።

ጠረጴዛው የተሠራው ለበቀል ነው ይባላል። እውነት ነው?

ኖጉቺ ራሱ የተረከው እንደዚያ ነው። የሌላኛውን ወገን ቃል በዚያው ልክ ስለማናገኝ፣ የአንድ ተከራካሪ ቃል መሆኑን እያሰባችሁ አንብቡት።

ነገሩ የሚጀምረው በ1939 ነው። ኖጉቺ ለኮንገር ጉድይር ጠረጴዛ ሠራ። ጉድይር የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር፤ ጠረጴዛውም አርክቴክቱ ኤድዋርድ ዱሬል ስቶን በሎንግ አይላንድ ለነደፈለት ቤት የታሰበ ነበር። ከታች የተቀረጸ ሮዝውድ፣ ከላይ መስታወት። አንድ ብቻ ነው የተሠራው። (ያ ጠረጴዛ በ2014 በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።)

ከዚህ በኋላ ቴረንስ ሃሮልድ ሮብስጆን-ጊቢንግስ የሚባል፣ እንግሊዝ አገር ተወልዶ ኒውዮርክ ላይ ለሀብታሞች ቤት የሚያስጌጥ ነዳፊ መጣና "ለእኔም አንድ ጠረጴዛ ንደፍልኝ" አለው። ኖጉቺ ትንሽ የፕላስቲክ ሞዴል ሠርቶ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ወፍ የለም። ኖጉቺም ነገሩን ትቶ ወደ አሜሪካ ምዕራብ ሄደ።

በመካከሉ ጦርነቱ መጣ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች በኋላ፣ በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ በምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩ ጃፓናዊ ደም ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው እየተነሡ ካምፕ ገቡ። ቁጥራቸው ወደ 120,000 ይጠጋል፤ አብዛኞቹ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ኖጉቺ አድራሻው ኒውዮርክ ስለነበር ትእዛዙ አይመለከተውም ነበር። እሱ ግን በገዛ ፈቃዱ አሪዞና በረሃ ውስጥ ወደሚገኘው የፖስተን ካምፕ ገባ። ሐሳቡ ለታሳሪዎቹ መናፈሻ፣ መዝናኛና የመቃብር ስፍራ መንደፍ፣ የእጅ ሙያ ማስተማር ነበር። ንድፎቹን ሠራ፤ የካምፑ አስተዳደር ግን ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። ፈቅዶ የገባው ሰው ለመውጣት ወራት ደጅ መጥናት ግድ ሆነበት፤ የተለቀቀው በኅዳር 1942 ነው።

እንግዲህ እዚያ በረሃ ውስጥ እያለ ነው አንድ ማስታወቂያ ላይ ዓይኑ ያረፈው። ለጊቢንግስ የሰጠውን ጠረጴዛ የሚመስል ጠረጴዛ፣ በጊቢንግስ ስም ይሸጣል። ኒውዮርክ ሲመለስ ሄዶ ጠየቀው። ጊቢንግስም ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ ማንም ሊሠራው ይችላል የሚል መልስ ሰጠው።

ኖጉቺ ክስ አልመሠረተም፤ ወደ ሥራ ክፍሉ ገብቶ ሐሳቡን ከሥሩ ጀምሮ እንደገና ሠራው። በ1939ኙ ላይ የነበረውን ከባድ የተቀረጸ እንጨት ጣለና በሁለት ቀጫጭን፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ ባላቸው ቁርጥራጮች ተካው። የወጣለት ጠረጴዛ ከተሰረቀበት በብዙ የተሻለ ነው። ጊቢንግስ በዘመኑ ትልቅ ስም ነበረው፤ ዛሬ ከሙያው ውጭ ብዙ ሰው የሚያነሣው ግን በዚህች መልሱ ነው።

ሁለቱ እንጨቶች እንዴት ነው የሚያያዙት?

የጠረጴዛው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ እንጨቶች በአንድ ናሙና የተቆረጡ፣ ፍጹም ተመሳሳይ ናቸው። አንደኛው ተገልብጦ ይቆምና ሁለቱን አንድ የብረት ዘንግ ያገናኛቸዋል። ዘንጉ ማጠፊያ ስለሆነ እንጨቶቹ እንደ በር ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ትክክለኛው አንግል ላይ ሲደርሱ እግሩ ወለሉን በሦስት ቦታ ይነካል፤ መስታወቱም ከላይ በሦስት ቦታ ያርፋል። መስታወቱ በኮላ አይያዝም፣ በብሎን አይታሰርም። በክብደቱ ተጭኖ እንጨቶቹን ባሉበት ያቆያቸዋል፣ እነሱም ይሸከሙታል።

ሦስት ማረፊያ መሆኑ ሌላ ጥቅም አለው። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ወለሉ ትንሽ ከተዛባ ይወላገዳል፣ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ይፈልጋል። ሦስት ነጥብ ግን ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ያርፋል፤ በተንጋደደ ወለል ላይም አይነቃነቅም።

ኖጉቺ በዚያው ሰሞን በድንጋይም የሚሠራው ይህንኑ ነበር። በ1944 እና 1945 የሠራው፣ አሁን በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው "ኩሮስ" የተባለ ሐውልት ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ነው። ከሮዝማ እብነ በረድ ሰሌዳዎች ተቆርጦ፣ አንዱ በሌላው ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ያለ ማጣበቂያ ቆሟል። እብነ በረድ ሰሌዳ ያኔ ለሕንፃ ማልበሻ ስለሚውል በርካሽ ይገኝ ነበር። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ጠረጴዛው ከየት እንደመጣ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ታዲያ ነዳፊው አንድ ሰው ነው ወይስ ሌሎችም አሉበት?

ንድፉ የኖጉቺ ብቻ ነው። ወደ ሰው ቤት ያደረሰው ግን ጆርጅ ኔልሰን ነው። ኔልሰን አርክቴክትና የሥነ ሕንፃ መጽሔት አዘጋጅ ነበር፤ ጠረጴዛ ስለመሥራት በጻፈው ጽሑፍ የኖጉቺን ጠረጴዛ በሥዕል አሳየ። ብዙም ሳይቆይ የኸርማን ሚለር የዲዛይን ኃላፊ ሆነና ከባልና ሚስቱ ነዳፊዎች ከቻርልስና ሬይ ኢምስ ሥራዎች ጋር የኖጉቺን ጠረጴዛ የፋብሪካው ምርት ውስጥ አስገባ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው ካታሎግ ጠረጴዛውን ለአገልግሎት የተሠራ ቅርጻ ቅርጽ ብሎ ነው ያስተዋወቀው። በዚያ ዘመን የቤት ዕቃ ካታሎግ የነዳፊን ስም አውጥቶ መጻፉ ራሱ ልማድ አልነበረም።

ኸርማን ሚለርስ ማን ነው?

ነዳፊ አይደለም። ዲ.ጄ. ደ ፕሪ የሚባል ሰው በ1923 ሚሺጋን ዚላንድ ውስጥ ያለውን ፋብሪካ በአማቱ እርዳታ ሲገዛ፣ በአማቱ ስም ሰየመው። አማትየው ኸርማን ሚለር ነው። ድርጅቱ በ2021 ከተፎካካሪው ከኖል ጋር ተዋሕዷል።

ስፋቱና ክብደቱ ስንት ነው?

መስታወቱ ርዝመቱ 127 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 91 ገደማ ነው። ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከአብዛኛው ሶፋ መቀመጫ በትንሹ ዝቅ ይላል። ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ውፍረት አንድ ካሬ ሜትር መስታወት 47 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ የጠረጴዛው መስታወት ብቻውን ከ30 ኪሎ በላይ ይሆናል። ለብቻችሁ አታንሡት።

ቤት ስትቀይሩ መጀመሪያ መስታወቱን ለሁለት ሆናችሁ አውርዱና በጠርዙ አቁማችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ በጀርባው አስተኝቶ መጫን ለስብራት ያጋልጣል። ቀጥሎ እግሩ በማጠፊያው ይታጠፋል። መልሳችሁ ስትገጥሙ ሁለቱ እንጨቶች በቂ መከፈታቸውን ሳታረጋግጡ መስታወቱን አትልቀቁ።

ኦሪጅናሉን ከኮፒው እንዴት እለያለሁ?

ተቀዳብኝ ብሎ የተናደደ ሰው የሠራው ጠረጴዛ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚቀዱት የቤት ዕቃዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ አሮጌ ዕቃ ከግለሰብ የምትገዙ ከሆነ።

መስታወቱን በማስመሪያ ለኩት። ኮፒዎቹ ዋጋ ለመቀነስ 12 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ላይ ያቆማሉ፤ ቀጭን ሲሆን ጠረጴዛው ግርማ ያጣል። ኸርማን ሚለር አሁን የሚሠራቸው በመስታወቱ ጠርዝ ላይ የኖጉቺ ፊርማ፣ ከእግሩ ሥር ደግሞ የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ያሉበት ክብ ምልክት አላቸው። ለአውሮፓ ገበያ የሚያመርተው ግን ቪትራ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ የኸርማን ሚለር ምልክት አጣሁ ብላችሁ ወዲያው ሐሰተኛ ነው አትበሉ።

እኔ ከምልክቱ በፊት የማየው እንጨቱን ነው። መስታወቱን አስወርዱና ሁለቱን እንጨቶች ነቅላችሁ አንዱን በሌላው ላይ ደርቡ። ጠርዛቸው ዙሪያውን ከገጠመ በአንድ ናሙና ተቆርጠዋል ማለት ነው። በርካሽ ኮፒ ላይ አንደኛው ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ይላል፤ ጉብጠቱም ድንገት ይሰበራል። በኦሪጅናሉ ላይ እጃችሁን ከታች እስከ ላይ ብታንሸራትቱ የሚያቆማችሁ ቦታ የለም። እንጨቱም ድፍን መሆን አለበት፤ ጭረት ላይ ቺፕውድ ብቅ ካለ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ።

አሮጌው መቼ እንደተሠራ ማወቅ ይቻላል?

በግምት፣ አዎ። እግሩ በመጀመሪያ ከዋልነት፣ ከበርችና ከቼሪ እንጨት ይሠራ ነበር። የቼሪው የተመረተው በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ስለነበር ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት እሱን ነው። በርቹ በ1954 ቆመ። መስታወቱም እስከ 1965 ድረስ 22 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው 19 የሆነው። ምርቱ በ1973 ተቋርጦ በ1984 እንደገና በመደበኛነት ተጀመረ። ስለዚህ "የ1978 ኦሪጅናል ነው" የሚላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት። በቅርብ ጊዜ የቼሪ እግር እንደገና መሠራቱንም አትርሱ፤ ቼሪ ሁሉ የ1947 አይደለም።

ዋጋው ስንት ነው?

አዲሱ አሜሪካ ውስጥ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። ኮፒው በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል።

አዲስ አበባ ላይ አናጢ ሊሠራልኝ ይችላል?

ለራሳችሁ ቤት ጎበዝ እንጨት ሠራተኛ ሊወጣው ይችላል። በኖጉቺ ስም መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ውስጥ አትግቡ።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ አስቡ። አንደኛው መስታወቱ ነው። 19 ሚሊ ሜትር መስታወት አግኝቶ በጉብጠት ማስቆረጥና ጠርዙን ማስሞረድ ከእንጨቱ ሥራ ይከብዳል። ስለዚህ መስታወቱን ሳታረጋግጡ እንጨት አታስቆርጡ። ሁለተኛው የእንጨቱ ክር ነው። ቅርጹ ጠማማ በመሆኑ ከአንድ ሰፊ ሳንቃ ዝም ተብሎ ከተቆረጠ፣ ጉብጠቱ ላይ ክሩ አጭር ይሆንና በመስታወቱ ክብደት ሊሰነጠቅ ይችላል። መፍትሔው በደንብ የደረቁ ወፋፍራም ቁራጮችን የክራቸውን አቅጣጫ ጉብጠቱን ተከትሎ በኮላ አጣብቆ ከዚያ መቁረጥ ነው። ዋንዛ ለዚህ ይመቻል፤ ለመላግ አያስቸግርም፣ ሲጨርሱትም መልኩ ከዋልነት ብዙ አይርቅም። ጠርዙን በማሽን ብቻ አትተዉት፣ በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ይጨረስ። ሉስትሮውም አያብለጭልጭ፤ የሚያብለጨልጨው መስታወቱ ይበቃል።

የፈላ ጀበና ይቀመጥበታል?

በቀጥታ አይሁን። መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ ሁሉን የሚችል ይመስላል፤ ወፍራም መስታወት ግን አንድ ቦታ ላይ ድንገት ሲግል የጋለውና ያልጋለው ክፍል እኩል አይለጠጡምና ሊሰነጠቅ ይችላል። ከከሰል ላይ የወረደ ጀበና ከማቶቱ ጋር ከሆነ ችግር የለውም። ሲኒ የተደረደረበት ረከቦት ግን ራሱ ትንሽ ጠረጴዛ ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ጠረጴዛ መደረብ ምን ያደርጋል? ወለሉ ላይ፣ ቄጠማው ላይ ይሁን።

ለልጆች ቤትስ?

ጥጎቹ የተድበለበሉ ቢሆኑም ከፍታው መሄድ የሚጀምር ሕፃን ሲወድቅ ግንባሩን የሚመታበት ነው። በዚያ ላይ መስታወቱ ስላልታሰረ የሚንጠላጠል ልጅ ካለ አደጋ አለው። ልጆቹ እስኪያድጉ ብትቆዩ ይሻላል።

ሌላም ጠረጴዛውን የማልመክርለት ሰው አለ። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ፣ ሪሞት፣ ቻርጀርና የትናንት ጋዜጣ የምትከምሩ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ዕቃው የተሠራው በመስታወቱ ውስጥ እግሩ እንዲታይ ነው። ከሥሩ አበባ የበዛበት ምንጣፍ ካለም ሁለቱ ይጣላሉ፤ ምንጣፉ አንድ ቀለም ቢሆን ወይም ባዶ ወለል ቢሆን ይመረጣል። የጣት አሻራና አቧራ ደግሞ በየቀኑ ይታይበታል።

በዚያ ዘመን ሌላ የሚጠቀስ የሳሎን ጠረጴዛ አለ?

ሞልቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አንሥቶ እስከ 1960ዎቹ የዘለቀው ይህ ዘመናዊ የቤት ዕቃ አሠራር ብዙ ያፈራው ሳሎን ውስጥ ነው። ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1946 በሙቀትና በግፊት ከታጠፈ ኮምፔንሳቶ ክብ ጠረጴዛ ሠሩ፤ ያንን ኮምፔንሳቶ የማጠፍ ብልሃት በጦርነቱ ጊዜ ለባሕር ኃይል የእግር ስብራት ድጋፍ ሲሠሩ ያዳበሩት ነው። በ1951 ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው፣ ወለል ሊነካ የደረሰ ሞላላ ጠረጴዛ አወጡ። ኤሮ ሳሪነን በ1957 እግሮችን ሁሉ አስወግዶ ጠረጴዛውን በአንድ ግንድ ላይ አቆመው። የፍሎረንስ ኖል የ1954 ጠረጴዛ ከሁሉም ጨዋው ነው፤ ቀጥ ያለ ብረት፣ ቀጥ ያለ ገጽ። ለጠባብ ሳሎንና ለተጨናነቀ ቤት እኔን ብትጠይቁኝ ከኖጉቺው ይልቅ የእሷን እመርጣለሁ።

ኖጉቺ ሌላ የቤት ዕቃ ሠርቷል?

ሠርቷል፤ በዋጋ የሚደፈረውም እሱ ነው። በ1951 ጃፓን ጊፉ ከተማ ሄዶ ከቀርከሃና ከወረቀት ፋኖስ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ካየ በኋላ አካሪ የተባሉትን የወረቀት መብራቶች መንደፍ ጀመረ። ዛሬም እዚያው በእጅ ይሠራሉ፤ ታጥፈው በጠፍጣፋ ሣጥን ይላካሉ። በየሱቁ የሚሸጠው ነጭ ክብ የወረቀት መብራት የእነሱ ዘመድ ነው።

ሥራዎቹን የት ማየት ይቻላል?

ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ፣ ሎንግ አይላንድ ሲቲ። ኖጉቺ በ1985፣ ከመሞቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ ከሥራ ቦታው ፊት ለፊት የነበረ የቆየ የፋብሪካ ሕንፃ አድሶ ሙዚየሙን ራሱ ከፈተ። ከትላልቆቹ ድንጋዮች የተወሰኑት ጣሪያ በሌለው ክፍልና በአትክልቱ ውስጥ ነው የቆሙት፤ ስለዚህ ዝናብ የማይጥልበትን ቀን ምረጡ።